ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ ማደር ባትሪ ይገድላል ወይስ አይገድልም?

ቀይዋ_ባትሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ስልኬ ሁለት ዓመት አልፎታል። አዲስ እያለ ጠዋት ነቅዬው እስከ ማታ ያደርሰኝ ነበር፣ አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ቻርጀር ፍለጋ መዞር ጀምሬያለሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳየው የባትሪው ጤና 81 ፐርሰንት ይላል። እሱስ ይሁን፣ አርጅቷል ብዬ ልለፈው። የሚያናድደኝ 25 ወይም 30 ፐርሰንት እያሳየ ካሜራ ልከፍት ስል ድርግም ብሎ መጥፋቱ ነው። ስሰካው ደግሞ ወዲያው ተነስቶ ያው 30 ላይ ነኝ ይለኛል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። አንዱ «ሌሊት ሰክተሽ ስለምታድሪ ነው» ይላል። ሌላዋ «በወር አንዴ እስኪዘጋ ጨርሺውና እስከ 100 ሙዪው፣ ይታደሳል» ትላለች። አዲስ ባትሪ መጀመሪያ 8 ሰዓት ሳይነቀል መሞላት ነበረበት የሚልም አልጠፋም። ፋስት ቻርጅ ነው የጨረሰው ያለኝም አለ። ሁሉም እርግጠኛ ናቸው፣ ሁሉም የሚሉት ይለያያል። እባካችሁ «እንዲህ አድርጊ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፣ ውስጡ ምን እየሆነ እንደሆነ ንገሩኝ።

ግራፋይት፦

ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ባትሪው ውስጥ ሁለት ወገን አለ። በአንዱ በኩል ግራፋይት ነው፣ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ማለት ነው። በሌላው በኩል፣ አብዛኞቹ ስልኮች ላይ፣ ሊቲየም ከኮባልት ኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ተቀምጧል። መሃላቸው ላይ ሁለቱ እንዳይነካኩ የሚለይ በጣም ስስ ፕላስቲክ አለ፣ ሁሉም ነገር ደግሞ ኤሌክትሮላይት በሚባል ፈሳሽ ርሷል። ቻርጅ ስታደርጊ የሊቲየም አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የሊቲየም ቅንጣቶች) ከኮባልቱ ወገን ወጥተው፣ ፈሳሹን ተሻግረው፣ ግራፋይቱ ንብርብሮች መሃል ይገባሉ። ስልኩን ስትጠቀሚበት መልሰው ይወጣሉ። በቃ፣ ሥራው ይኼው ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፣ ይሄ ምልልስ ግን ያው ነው።

አሞላሉ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ስልኩ ውስጥ ያለው ቺፕ (ቻርጀሩ አይደለም፣ የሚወስነው ስልኩ ነው) ጠንከር ያለ ከረንት ሳይለዋውጥ ይለቅበታል፣ የባትሪው ቮልቴጅም ቀስ እያለ ይወጣል። ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ሲደርስ፣ በድሮዎቹ 4.2 ቮልት፣ በአሁኖቹ ብዙዎቹ ላይ ከ4.4 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በላይ እንዳይወጣ እዚያው ተይዞ ከረንቱ ይቀንሳል፣ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ጠብታ ብቻ ይሆናል። አዳራሽ ሲሞላ አስቢው፦ መጀመሪያ የገባው ሰው ያገኘው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በኋላ የመጣው ግን በረድፍ መሃል እየተሽሎከለከ፣ ጉልበት እያስነሳ፣ ባዶ ወንበር ይፈልጋል። ከ20 ወደ 60 ተስፈንጥሮ የሚሄደው ስልክ ከ90 ወደ 100 የሚጎተተው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ 100 ፐርሰንት የሚባለው አምራቹ የመረጠው የቮልቴጅ ጣሪያ እንጂ ባትሪው ከዚያ በላይ ስለማይችል አይደለም። 4.2 ቮልት ላይ እንኳ ከኮባልቱ ወገን የወጣው ሊቲየም ግማሽ ያህሉ ነው። ሁሉም ቢወጣ ቤቱ ራሱ ይፈርሳል። ስለዚህ አምራቹ ጣሪያውን ከፍ ባደረገው ቁጥር ብዙ ሰዓት የሚቆይ ስልክ ይሸጥልሻል፣ ባትሪው ግን የበለጠ ይጨነቃል።

አሁን ወደ እርጅናው። ገና ፋብሪካ ውስጥ እያለ፣ መጀመሪያ ሲሞላ፣ ፈሳሹ ግራፋይቱን ሲነካ ይበላሽና ላዩ ላይ በጣም ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ጥሩ ነገር ነው፣ ያለ እሱ ባትሪው አይኖርም ነበር፣ ምክንያቱም አዮኖቹን እያሳለፈ ፈሳሹ ከግራፋይቱ ጋር እንዳይፋጅ ይከለክላል። ችግሩ ማደጉን አያቆምም። ግራፋይቱ ሊቲየም ሲገባበት 10 ፐርሰንት ገደማ ያብጣል፣ ሲወጣ ይመለሳል፣ በዚህ መሃል ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ላይ አዲስ ይሠራል። አዲስ በሠራ ቁጥር ጥቂት ሊቲየም እዚያው ታስሮ ይቀራል፣ ወደ ሥራ አይመለስም። የአንቺ 81 ፐርሰንት በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። የጎደለው 19 በቀን ተቀን የታሰረ ሊቲየም ነው፣ እና ምንም ዓይነት አጨራረስና አሞላል አያስፈታውም።

ይሄን ሥራ የሚያፋጥኑት ሁለቱ ዋናዎቹ ነገሮች ሙቀትና ሙላት ናቸው። አሁን የሌሊቱ ጥያቄሽ ይመለሳል። ሰክተሽ ስታድሪ «ከልክ በላይ» አይሞላም፣ ሲሞላ ስልኩ ራሱ ያቆመዋል፣ ትንሽ ሲጎድል መልሶ ይነካካዋል። ጉዳቱ ሌላ ነው። እስከ ጠዋት ድረስ ለብዙ ሰዓት ከፍተኛው ቮልቴጅ ላይ ተወጥሮ መቀመጡ። በአንድ ሌሊት ምንም አትሆኚም። በየቀኑ ለዓመታት ሲሆን ግን ይቆጠራል፣ በተለይ ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ላይ እየሞቀ ከሆነ።

8 ሰዓት የሚሉትና «ጨርሺው፣ ይታደሳል» የሚሉት ከሊቲየም በፊት ከነበረው ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን የቀሩ ናቸው። ያኔ ልክ ነበሩ። ሊቲየምን እስከ ዜሮ ማውረድ ግን ማስታመም ሳይሆን ማድከም ነው።

ጠጋኙ፦

ግራፋይት በደንብ አስረድቷል፣ እኔ የማየውን ልጨምር፣ ስልክ መክፈት ሥራዬ ስለሆነ።

ብዙ ሰው «ስክሪኑ ተነሳብኝ» ብሎ ያመጣል። ወድቆ መስሎት። ጎኑን አዙሬ ብርሃን ሳበራበት ስክሪኑና ፍሬሙ መሃል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ስከፍተው ባትሪው ተነፍቶ ትራስ መስሎ ከሥር እየገፋው ነው። ፈሳሹ ሲበላሽ ጋዝ ይፈጥራል፣ ማሸጊያው ደግሞ ድፍን ስለሆነ መውጫ የለውም። እና እነዚህ የተነፉት ከየት ይመጣሉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብዙዎቹ ቀን ከሌት ተሰክተው የሚውሉ ናቸው። መኪና ውስጥ መስታወት ሥር ፀሐይ እየመታው ካርታ የሚያሳይ ስልክ፣ እንደ ካሜራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ስልክ። 100 ፐርሰንትና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ ከሁሉም የከፋ ነው። በስልክ አብዝቶ ከመደወል፣ በቀን ሦስቴ ከመሰካት፣ ይሄ ይብሳል።

ፋስት ቻርጅን በተመለከተ ሰው አጋኖታል። ሙቀቱ ከከረንቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፣ በካሬው ነው፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ግን የሠሩት ሰዎችም ይሄን ያውቃሉ። ኃይለኛው ፍጥነት መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ሲሞላ ይቀንሳል፣ ሲሞቅም ይቀንሳል። በጣም ፈጣኖቹ ስልኮች ላይ ባትሪው ለሁለት ሴል ተከፍሎ ጭነቱን ይጋራሉ። እኔ የምፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በፋስት ቻርጅ እየሞሉ ከባድ ጌም መጫወት፣ ያውም ወፍራም ከቨር ሳይወልቅ። ሁለተኛ ብርድ። ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ አዮኖቹ ግራፋይቱ ውስጥ የመግባት ጊዜ ያጡና ላዩ ላይ ብረት ሆነው ይለጠፋሉ። ያ ሊቲየም አብዛኛው አይመለስም፣ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ እንደ መርፌ አድጎ መሃል ያለውን ፕላስቲክ ሊበሳ ይችላል። ስልኮች በጣም ሲቀዘቅዙ ቻርጅ አልቀበልም የሚሉት ለዚህ ነው፣ ተበላሽተው አይደለም።

ያለ ሽቦ ቻርጅ ምቾት አለው፣ ግን ከኃይሉ ቀላል የማይባል ክፍል ሙቀት ሆኖ ይባክናልና ስልኩ ከሽቦው ይልቅ ይሞቃል። ማታ ማታ በእሱ የምታሳድሩ አስቡበት።

ቻርጀር ኦሪጅናል ይሁን አይሁን ለሚለው፣ ስሙ ሳይሆን ጥራቱ ነው። ከስልኩ አቅም በላይ ዋት ያለው ቻርጀር ስልኩን አያቃጥልም፣ ስልኩ የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳል። ተሰክቶ እያለ ንክኪው የሚያብድ፣ ሳትነኩት የሚጽፍ ከሆነ ግን ያ ቻርጀር የሚያወጣው መብራት ንጹህ አይደለም፣ ጣሉት።

ግድየለሹ፦

ይቅርታ እና እኔ ለባትሪ ብዬ ነው እንዴ የምኖረው? ሙላት ይጎዳዋል እየተባለ በየቦታው የሚመከረው 80 ላይ አቁም፣ 20 ላይ ሰካ፣ እናንተ ደግሞ ከቨር አውልቅ፣ ትራስ ሥር አታድርግ... ስልክ ነው ወይስ አራስ ልጅ? ደግሞ ሒሳቡም አይገባኝም። ባትሪዬ ከዓመታት በኋላ 80 ፐርሰንት እንዳይሆንብኝ ብዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 80 ላይ እያቆምኩ ከተጠቀምኩ፣ የፈራሁትን ነገር ዛሬውኑ በገዛ እጄ አላመጣሁትም?

ሲደክም አስቀይረዋለሁ። አለቀ።

ግራፋይት፦

ሳቅኩ፣ ግን ክርክርህ ትክክል ነው። ስልኩን በየሁለት ዓመቱ የሚቀይር ሰው ይሄን ሁሉ ባያስበው ምንም አይጎድልበትም። አራት አምስት ዓመት ሊይዘው ያሰበ ሰው ግን ልዩነቱን ያየዋል።

ቁጥሩን ልስጥህ። አንድ ዙር የሚባለው በድምሩ 100 ፐርሰንት ስትጠቀም ነው። ዛሬ 50፣ ነገ 50 ከተጠቀምክ አንድ ዙር ነው እንጂ ሁለት አይደለም፣ ስለዚህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሰካህ አትቁጠር። አፕል እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉትን ባትሪዎች ከ500 ዙር በኋላ 80 ፐርሰንት አቅም እንዲይዙ አድርጌ ነው የሠራሁት ይላል፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ደግሞ 1000 ዙር። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚገባ አዲስ ስልክ ቢያንስ 800 ዙር ሄዶ 80 ፐርሰንት መያዝ አለበት የሚል ሕግ አውጥቷል። ማለትም አምራቾቹ ራሳቸው እየተገደዱ ነው፣ ሸክሙ ሁሉ አንተ ላይ አይደለም።

እኔ የማደርገው መሃሉን ነው። ቤት ወይም ቢሮ በምውልበት ቀን፣ ቻርጀር አጠገቤ ስለሆነ፣ 80 ላይ እንዲያቆም አድርጌዋለሁ። መንገድ ካለብኝ እስከ 100 እሞላዋለሁ፣ የተገዛውም ለዚያ ነው። ማታ የሚሰኩ ሰዎች ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የተመቻቸ ቻርጅ የሚባለውን ያብሩት፣ ስልኩ የምትነሱበትን ሰዓት ይለምድና 80 አካባቢ ቆይቶ የቀረውን ልትነሱ ስትሉ ይሞላዋል። አንዴ አብርቶ መርሳት ነው፣ አራስ ልጅ እንኳ ይሄን ያህል አይቀልም።

ቀይዋ_ባትሪ፦

እግዜር ይስጣችሁ፣ የሽፋኑ ነገር በደንብ ገብቶኛል። ግን 30 ላይ መጥፋቱን ማንም አልመለሰልኝም። 19 ፐርሰንት ከጎደለ ቶሎ ማለቅ ነው ያለበት እንጂ እየቀረው ለምን ይጠፋል? መልሼ ስሰካውስ ያ 30 ከየት ይመጣል?

ሌሊት_ተረኛ፦

ይሄ የኔ ነው።

ባትሪ ሲያረጅ አቅሙ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ የውስጥ ተቃውሞውም ይጨምራል። ያ ሽፋን ወፍሯል፣ ፈሳሹም ደክሟል፣ ስለዚህ አዮኖቹ እንደ ድሮው ሮጠው አይመጡም። መልእክት ስታነቢ ስልኩ የሚፈልገው ከረንት ትንሽ ስለሆነ ምንም አይሰማሽም። ካሜራ ስትከፍቺ ግን ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር፣ ፍላሹ ተደማምረው በአንዴ ብዙ ይጠይቃሉ። ከረንቱ ሲጨምር በተቃውሞው ምክንያት ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል። አዲስ ባትሪ ላይ መውረዱ ኢምንት ነው። ያረጀው ላይ፣ ያውም 30 ፐርሰንት ሲቀር ቮልቴጁ ቀድሞውንም ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ስልኩ ከሚችለው ዝቅተኛ ገደብ በታች ይገባና ስልኩ ራሱን ይዘጋል። ሊቲየሙ ግን አላለቀም፣ እዚያው አለ። ጭነቱ ሲነሳ ቮልቴጁ ተመልሶ ይወጣል፣ ስትሰኪው 30 ያለሽ ዋሽቶ አይደለም። በብርድ ጊዜ ደግሞ ተቃውሞው ስለሚጨምር ይብስበታል፣ ብርድ ላይ ሲዘጋብሽ ኪስሽ አስገብተሽ አሙቂው፣ ይነሳል።

አፕል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ያመነው ነገር ይኼው ነበር። ያረጁ ባትሪዎች ያላቸው አይፎኖች በድንገት እንዳይዘጉ ብሎ ፕሮሰሰሩን ቀስ የሚያደርግ ሶፍትዌር ጨምሮ ነበር፣ ለተጠቃሚው ሳያስረዳ። ዓለም ተንጫጫበት። በኋላ የባትሪ ጤና የሚያሳየውን ገጽ አመጣ፣ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋም ቀነሰ። በፊዚክሱ ግን ምክንያታቸው ትክክል ነበር፣ ጥፋቱ መደበቁ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ፐርሰንቱ አንድ ነገር። ባትሪ ውስጥ እንደ ነዳጅ ታንከር የሚለካ ነገር የለም። ስልኩ የገባውንና የወጣውን ከረንት እየደመረ፣ ከቮልቴጁም ጋር እያስተያየ ይገምታል። ግምቱ ቀስ በቀስ ይዛነፋል፣ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ይበልጥ። «እስኪዘጋ ጨርሺው፣ ከዚያ ሙዪው» የሚለው ምክር ውስጥ ያለችው ትንሽ እውነት እዚህ ጋ ናት፦ አልፎ አልፎ አንዴ እንዲያ ብታደርጊ ቆጣሪው ሁለቱን ጫፎች አግኝቶ ይስተካከላል። ባትሪው አይታደስም፣ ቁጥሩ ነው የሚታረም። አንቺ ጋ ያለው ግን የቁጥር ችግር ብቻ አይመስለኝም፣ ካሜራ ስትከፍቺ ከሆነ የሚጠፋው ተቃውሞው ነው። መቀየር አለበት።

ቀይዋ_ባትሪ፦

ተረዳሁ፣ እቀይረዋለሁ። ስቀይር ምን ልጠይቅ? አንድ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ የረሳሁት አሮጌ ስልክ አለኝ፣ ፎቶ ስላለበት ላስነሳው ፈልጌ ነበር። ዝም ብዬ ልሰካው?

ጠጋኙ፦

ስትቀይሪ ላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሚሊአምፔር ቁጥር (የባትሪውን አቅም የሚናገረውን) ብቻ አትመኚ። የስልክሽ ኦሪጅናል ባትሪ ስንት እንደሆነ አይተሽ ሂጂ፣ በዚያው መጠንና ክብደት ግማሽ ያህል ጨምሮ የሚጽፍ ካለ ቁጥሩ ነው እንጂ ባትሪው አላደገም። የተሠራበትን ቀን ጠይቂ። ባትሪ ሳይነካም ያረጃል፣ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ «አዲስ» ባትሪ አዲስ አይደለም። ስትሄጂ ስልኩን ከ25 ፐርሰንት በታች አውርደሽ ውሰጂው፣ ሲከፈት በስህተት ቢወጋ ትንሽ ኃይል ያለው ባትሪ የሚያመጣው ጣጣ ከሞላው በጣም ያንሳል። ስክሪኑ ሲመለስ ውኃ መከላከያው ማጣበቂያ አዲስ መሆኑንም አረጋግጪ፣ ብዙዎች ይዘሉታል፣ እና ከዚያ በኋላ ስልኩን ውኃ አይችልም ብለሽ ብትይዢው ይሻላል።

የመሳቢያው ስልክ ላይ፣ ከመሰካትሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝተሽ ጣትሽን ጫፉ ላይ አሳርፊ። ከተወዛወዘ፣ ወይም ጀርባው ካበጠ፣ ወይም ስክሪኑ ከፍሬሙ ከተነሳ አትሰኪው፣ አትጫኚው፣ አትውጊው፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣዪው። ለሚያውቅ ሰው ስጪው፣ ፎቶው ባትሪው ከወጣ በኋላ በሌላ ባትሪ ሊወጣ ይችላል። ዝርግ ከሆነ ግን በደካማ ቻርጀር፣ ዓይንሽ እያየው፣ እንጨት ወይም ጨርቅ በሌለበት ቦታ ሰክተሽ ጠብቂው። ቶሎ አይነሳም፣ በጣም የወረደ ባትሪ መጀመሪያ በጠብታ ነው የሚሞላው። ቮልቴጁ ከ2.5 በታች ወርዶ ብዙ ከቆየ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ስለሚጀምር መከላከያው ሰርኪዩት ጨርሶ አልቀበልም ሊል ይችላል፣ ያኔ አታስገድጂው፣ በባትሪ መቀስቀሻ ማሽን ነገርም አትሞክሪ። ከተነሳ ፎቶውን ገልብጪ፣ መልሰሽ የምታስቀምጪው ከሆነ 50 ፐርሰንት አካባቢ አድርገሽ ዝጊውና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሪው፣ በየስድስት ወሩ እያወጣሽ ወደ 50 መልሺው።

ቀይዋ_ባትሪ፦

ጠረጴዛው ላይ ሞከርኩት፣ ይወዛወዛል 😬 አልሰካውም። ሁለቱንም ነገ ይዤ እሄዳለሁ።